ወረርሽኝ ሲመጣ ገንዘብ የት ይቀመጥ? ለድሬዳዋ ነጋዴ ቤተሰብ የማነጻጸሪያ መመሪያ

ድሬዳዋ ወረርሽኝን ያወቀችው በኮቪድ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት ገብቶባት ነበር፤ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጥሏል። ዓመት ሳይሞላ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሁሉም ወረርሽኝ ይባሉ እንጂ የነጋዴን ቤት የሚያንኳኩት በየራሳቸው በር ነው።

በቺኩንጉንያ ጊዜ መንገዱ ክፍት ነበር፣ ዕቃው ይገባ ነበር፣ ደንበኛውም አልጠፋም። የጠፋው ሱቁን የሚከፍተው ሰው ነው። መገጣጠሚያ የሚይዘው ሕመም አንዳንዱን ለሳምንታት አላስነሳውም፤ ቁልፉም፣ የባንክ ፊርማውም፣ የዱቤ ደብተሩም አብረው ተኙ። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ገበያው ተዘጋበት። አንዱ ሰው ያስተኛል፣ ሌላው መንገድ ይዘጋል። ለአንደኛው የሚበጅ ዝግጅት ለሌላው ላይበጅ ስለሚችል ማነጻጸሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስለዚህ እዚህ ላይ የትኛው ሀብት የበለጠ ያተርፋል የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ይቆያል። የሚቀድሙት ሁለት ናቸው። ይህ ሀብት በስንት ቀንና በምን ያህል ኪሳራ ብር ይሆናል? ባለቤቱ ቢተኛ ወይም ቢሞት ማን እጁን ያስገባበታል?

መጀመሪያ የወሩን ወጪ መቁጠር

ምርጫ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ሽያጭ ዜሮ ቢሆን እንኳ በየወሩ የማይቀር ወጪ። የሱቁና የቤቱ አንድ ላይ ይደመር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ሁለቱን ለየብቻ ቆጥሮ ሁለቱም ከአንድ ኪስ እንደሚወጡ ሲረሳ ነው። ለምሳሌ በከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ቤተሰብ ለቤት ወጪ 22,000፣ ለትምህርት ቤት 3,000፣ ለሱቅ ኪራይ 15,000፣ ለሁለት ሠራተኞች 12,000፣ ለባንክ ብድር 18,000 ብር ቢያወጣ በወር 70,000 ብር ይሆናል። የስድስት ወሩ 420,000 ነው።

ይህ 420,000 ብር አንድ ቦታ መቀመጥ የለበትም። የ15 ቀኑ 35,000 በእጅና በሞባይል፣ የሁለት ወሩ 140,000 በማንኛውም ቀን በሚወጣ የባንክ ሒሳብ፣ የቀረው 245,000 ደግሞ ከሳምንት እስከ ሁለት ወር ጊዜ ወስዶ ብር ሊሆን በሚችል ነገር ይቀመጥ። ስድስት ወር የበዛበት ቤተሰብ በሦስት ይጀምር። ከቤተሰቡ አንዱ የመንግሥት ደመወዝ ካለው ሦስት ወር ይበቃል፤ ሁሉም የሚኖረው ከአንድ ሱቅ ከሆነ ግን ስድስቱን መድረስ ግድ ነው።

ጥሬ ብር፣ ባንክ ወይስ ቴሌብር?

ቤት ውስጥ የተቀመጠ ብር በማንኛውም ሰዓት ይገኛል፤ ጥቅሙም በዚህ ያበቃል። መስከረም 4 ቀን 2013፣ ገና ኮቪድ ሳይወጣ፣ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩና 200 ብር እንደሚጨመር ተነገረ፤ መቀየሪያው ሦስት ወር ብቻ ነበር። ከ10,000 ብር በላይ የያዘ ሰው ገንዘቡን በባንክ ሒሳብ ማስገባት ነበረበት። ሣጥን ውስጥ ብዙ ያስቀመጡ ሰዎች በበሽታ ወቅት የባንክ ወረፋ ላይ ቆሙ። በተጨማሪም ሕጉ አንድ ሰው በእጁ በሚይዘው ጥሬ ገንዘብ ላይ ጣሪያ አበጅቷል። ከ15 ቀን ወጪ በላይ ቤት ማኖር አያዋጣም።

የባንክ ቁጠባ ደህንነቱ የተሻለ ነው፤ ዋጋን መጠበቅ ግን አይችልም። በዝቅተኛው 7 በመቶ ወለድ 100,000 ብር በዓመት 7,000 ይወልዳል፤ የወለድ ግብሩ 5 በመቶ፣ ማለትም 350 ብር፣ ሲቀነስ 106,650 ይሆናል። የዋጋ ንረቱ 20 በመቶ በሆነበት ዓመት፣ በ2012 አካባቢ እንደነበረው፣ ያው ዕቃ 120,000 ይጠይቃል። ስለዚህ ቁጠባ ሒሳብን እንደ መጠባበቂያ እንጂ እንደ ማትረፊያ መቁጠር አይገባም። ለሁለት ወር ወጪ የሚከፈለው ኪሳራ ተገቢ ነው፤ ለሁለት ዓመት ወጪ ግን አይደለም።

የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ 140,000ውን በሁለት ባንክ መክፈሉ ይመረጣል። ሁለተኛም ምክንያት አለው፤ በችግር ጊዜ የአንዱ ባንክ ሲስተም ሲቋረጥ ወይም ቅርንጫፉ ብር ሲያጥረው ሌላው ይኖራል። ወለድ የማይፈልግ ቤተሰብ፣ በከተማችን ብዙ ነው፣ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ሲከፍት ዓይነቱን ይጠይቅ። ወዲያ አደራ ነው፤ ገንዘቡ እንዳለ ይመለሳል፣ ትርፍ የለውም። ሙዳረባ ግን ከባንኩ ሥራ የሚገኝ ትርፍ ክፍፍል ነው፤ ትርፉ አስቀድሞ አይታወቅም፣ የጊዜ ገደብ ያለውም አለ። ለሁለት ወሩ ገንዘብ ወዲያ፣ ለቀረው ሙዳረባ ይስማማል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው፤ በኮቪድ መጀመሪያ ላይ አልነበረም። ዛሬ ለአቅራቢ ክፍያና ለዱቤ ሰብሳቢ ትልቅ መፍትሔ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥሬ ብር ሲፈለግ ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ማውጣት ሲፈልግ የወኪሉ መሳቢያ ባዶ ይሆናል። የሞባይል ገንዘብ ለመክፈል እንጂ ለማከማቸት አይታሰብ። ሌላው ነገር የምስጢር ቁጥሩ ነው፤ ባለቤቱ ሲተኛ ስልኩ እጅ ላይ ቢኖርም አይከፈትም። ይህን ከታች እንመለስበታለን።

የቀረው 245,000፤ ወርቅ፣ ዕቃ፣ ከብት ወይስ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ?

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለዱ ከተራ ቁጠባ ይበልጣል፤ መጠኑ ከባንኩ ጋር በድርድር ነው። ከቀኑ በፊት ሲወጣ ግን ወለዱ ይቀንሳል ወይም ይቀራል። መፍትሔው ገንዘቡን በሦስት ከፍሎ የሦስት፣ የስድስትና የዘጠኝ ወር አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ በየሦስት ወሩ አንዱ ይደርሳል፣ ካልተፈለገ ይታደሳል። የግምጃ ቤት ሰነድም፣ ማለትም መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ወረቀት፣ በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን ይሸጣል፤ ለትልቅ ነጋዴ የሚሆን ነው፣ ከባንኩ ጋር ይነጋገርበት።

ወርቅ በዚህ ከተማ ጌጥም ነው፣ ጥሎሽም ነው፣ ባንክም ነው። በ2012 ክረምት መጨረሻ የዓለም ዋጋው በአውንስ ከ2,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ መተመን ሲጀምር ደግሞ ብዙ ወርቅ ያላቸው ቤቶች ሀብታቸው ከብር ጋር አብሮ አልወረደም። ከላይ ላነሳነው የዋጋ ንረት ከአማራጮቹ ሁሉ የተሻለ መከላከያ እሱ ነው። በአንድ ቀን ይሸጣልም። ኪሳራው የሚደበቀው በግዢው ላይ ነው።

ባለ 21 ካራት 20 ግራም አምባር ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 17 ግራም ከግማሽ ነው፤ 18 ካራት ከሆነ 15 ግራም ብቻ። ሲገዛ ግን የሚከፈለው የወርቁ ዋጋ ሲደመር የእጅ ሥራ ነው። ሲሸጥ የእጅ ሥራው ዜሮ ነው፤ ፈርጥ ካለው ክብደቱ ይቀነሳል፤ የተበየደ ሰንሰለት ከሆነ ደግሞ ብየዳው ዝቅተኛ ካራት ስለሆነ ገዢው ዋጋ ይቆርጣል። ስለዚህ ለመጠባበቂያ የሚገዛ ወርቅ ፈርጥ የሌለው፣ ሥራው ቀላል የሆነ፣ ወፍራም አምባር ወይም ቀለበት ይሁን። ከመግዛትዎ በፊት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሱቅ፣ ይህንኑ ብመልስላችሁ በስንት ትገዙኛላችሁ ብለው ይጠይቁ። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛው ወጪዎ ነው። ካራቱና ግራሙ የተጻፈበት ደረሰኝ ከወርቁ ተለይቶ ይቀመጥ። አንድ ትልቅ ከመግዛት አራት ትናንሽ መግዛቱ ይሻላል፤ 30,000 ብር ሲያስፈልግ 120,000 የሚያወጣ አምባር መሸጥ ያስቆጫል።

ደግሞም ጌጡ የማን እንደሆነ ይታወቅ። ለሙሽራዋ የተሰጠ ወርቅ የእሷ ነው፤ ባል በችግር ጊዜ እሸጠዋለሁ ብሎ የቆጠረበት ቤት ጠቡ ከበሽታው ይብሳል።

ዕቃ ማብዛት ነጋዴ ሁሉ የሚወደው መከላከያ ነው፤ ዋጋ ሲጨምር ዕቃውም አብሮ ይጨምራልና። እውነትነት አለው፤ ዕቃው ግን ይለያያል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሳሙና መንገድ ሲዘጋ ይበልጥ ይፈለጋሉ። ልብስና ጫማ ተቃራኒ ናቸው። በ2012 ረመዳን የገባው አዋጁ ከታወጀ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ለኢድ ብለው ከወራት በፊት ልብስ ያስገቡ ነጋዴዎች ገንዘባቸው መደርደሪያ ላይ ቀረ፣ ዓመቱ ሲዞር ሞዴሉ አለፈ። ልብስ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ከመጠባበቂያው ጋር አይቁጠር። የሚበላ ነገር የሚሸጥ ደግሞ እስከ 60 ቀን ሽያጭ ድረስ ሊቆጥር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ያለው አደጋ ነው። መጀመሪያ መሠረታዊ ሸቀጥን ከመደበኛ ሽያጭ በላይ አከማችቶ መያዝ በንግድ ሕጉ ያስቀጣል፤ በአስቸኳይ ጊዜ መጋዘን ሊታሸግም ይችላል። ሁለተኛ የድሬዳዋ ሙቀት አለ። በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው መጋዘን ውስጥ ከዚህ እጅግ ይብሳል፤ ዘይት ይሻግታል፣ ብስኩትና የዱቄት ወተት ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ጣዕማቸው ይለወጣል፣ ዱቄት ይነቅዛል።

በደቻቱ ወንዝ ዳር መጋዘን ያለው ሰው የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ያስታውሳል። ዕቃ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ጎርፍ በሚያሰጋበት ሰፈር ደግሞ ውዱ ዕቃ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አይኑር። የተለመደው የእሳት መድን በበሽታ ምክንያት ለቆመ ሽያጭ እንደማይከፍልም ይታወቅ፤ የሚከፍለው ዕቃው ሲጎዳ ነው። ጎርፍ መካተቱ በውሉ ላይ ተጽፎ መታየት አለበት።

ጫት የሚነግድ ሰው መጋዘን የለውም። ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት ቀን ዋጋውን ያጣል፤ በመጋቢት 2012 ወደ ሶማሊያ የሚበረው ጭነት ሲቆም ላኪውም ከአወዳይ የሚሰበስበውም በዚያው ሳምንት ነው የተመቱት። ይህ ሥራ ያለው ቤተሰብ ከሌሎቹ የሚበልጥ ጥሬ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፤ ስድስት ወር የምንለው ለእሱ ትንሹ ልክ ነው።

ገጠር ያለ ዘመድ ጋር የተሰጠ በግ፣ ፍየልና ከብት ለአረፋ ወይም ለሠርግ ሲሸጥ ጥሩ ነው። በ2012 ግን ሳዑዲ ዓረቢያ ሐጅን በአገሯ ውስጥ ላሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ስትፈቅድ የሕይወት እንስሳ ወጪ ንግዱ ገበያውን አጣ። መንገድ በሚዘጋ ወረርሽኝ ከብት አንደኛ ምርጫ አይሆንም፤ ሰው በሚያስተኛ ወረርሽኝ ግን እረኛው ራሱ ካልታመመ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ድርቅም ይቆጠር።

ለቤትና ለቦታ ብዙ ማለት አያሻም። ዋጋው ይቆያል፣ በወረርሽኝ ግን ቶሎ አይሸጥም። ኪራዩም ዋስትና የለውም፤ በ2012ቱ አዋጅ አከራይ ተከራይን ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ነበር። የውጭ ገንዘብ በጥቁር ገበያ መግዛትን ከዚህ ንጽጽር ያወጣነው ሕገ ወጥ ስለሆነና ሲጠፋ የሚከሰስበት ስለሌለ ነው።

ለላይኛው ምሳሌ ቤተሰብ የምንመርጠው ይህ ነው፤ ከ245,000 ውስጥ 100,000 በጊዜ ገደብ ወይም በሙዳረባ፣ 100,000 በትናንሽ ወርቅ፣ የቀረው 45,000 ከ60 ቀን ሽያጭ በማያልፍ ሩዝና ሳሙና።

ዱቤ፣ ቼክ እና ብድር

ወረርሽኝ ሲሰማ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው ሥራ ዱቤ መሰብሰብ ነው። ደብተሩ በመጠን ሳይሆን በዕድሜ ይደርደር፤ የ30 ቀን፣ የ60 ቀን፣ ከዚያ በላይ። ብዙ ሰው ትልቁን ባለዕዳ ያሳድዳል፤ ገንዘብ ቶሎ የሚገኘው ግን ከ30 ቀን በታች ካሉት ትናንሽ ባለዕዳዎች ነው። ለቀሩት ከሙሉ ዕዳ ይልቅ በየሳምንቱ ትንሽ እንዲከፍሉ በጽሑፍ ማስማማት ይሻላል።

ለአቅራቢ ደግሞ ቼክ በመያዣነት መስጠት ከተማው ውስጥ የተለመደ ነው። ቼክ የፊት ቀን ቢጻፍበትም እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ደረቅ ቼክ ማውጣት በወንጀል ያስከስሳል። ገበያ ተዘጋ ማለት ማምለጫ አይሆንም። በመያዣ የተሰጡ ቼኮች ዝርዝር ዛሬ ይጻፍ፤ ችግር ሲመጣ ባለቤቶቹ ጋ ቀድሞ ሄዶ በዕዳ ማመኛ ውል ማስቀየር ነው። ከሁሉ በፊት የሚከፈለውም ይህ ዕዳ ነው፤ ሌሎቹ ብር ያስከፍላሉ፣ ይሄኛው ግን ነፃነት ያሳጣል።

የባንክ ብድር ከ90 ቀን በላይ ካልተከፈለ የተበላሸ ብድር ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም የሚጠየቀው የመጀመሪያው ወር ሳይከፈል ሲቀር ነው እንጂ ሦስተኛው ሲያልፍ አይደለም። የስድስት ወር የሽያጭ ደብተርና የባንክ መግለጫ ይዞ መሄድ ይረዳል። ሲራዘም ወለዱ እንደማይቆም ይታወቅ፤ ዋናውን ማዘግየት ነው እንጂ ምሕረት አይደለም። መያዣው መኖሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የንግድ ብድር ለመውሰድ የሱቅ መያዣ እያለ ቤት ማስያዝ የቤተሰቡን ጣሪያ ከንግዱ ጋር ማሰር ነው።

ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም እንደ ብድር ይቆጠር። በወረርሽኝ ጊዜ ዋስ የሆኑለት ሰው ገበያና የእርስዎ ገበያ በአንድ ቀን ነው የሚዘጋው።

ሠራተኛ፤ ማሰናበት፣ ማገድ ወይስ ማቆየት?

በወር 6,000 ብር የሚከፈለው፣ አራት ዓመት የሠራ ሠራተኛ ቢሰናበት ወጪው ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። የአንድ ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለሦስቱ ተጨማሪ ዓመታት ደግሞ ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፤ ድምሩ 12,000 ብር የሥራ ስንብት። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው፤ ካልተሠራበት ሌላ 12,000። ሥራው በቋሚነት በመዘጋቱ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ወደ 36,000 ብር በአንድ ጊዜ ማለት ነው፤ ያውም ሥራ ሲከፈት ሌላ ሰው ከማሠልጠኑ ሌላ።

ማገድ ግን ሕጋዊ አማራጭ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለተከታታይ 10 ቀናት የሚቆም ከሆነ፣ ምክንያቱ በተፈጠረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ ይገለጻል፤ እገዳው ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም። በቃል «ለጊዜው ቤት ሁን» ብሎ መላክ እገዳ አይደለም፤ በኋላ ሲከሰስ ውዝፍ ደመወዝ ያስከፍላል። ከዚህም በፊት የሚመረጠው የዓመት ዕረፍትን ማስወጣት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን አለ። በ2012ቱ አዋጅ ሠራተኛ ማሰናበት ተከልክሎ እንደነበር፣ ሥራ ቆሞባቸው ደመወዝ ለከፈሉ አሠሪዎችም የአራት ወር የሥራ ግብር እንደቀረላቸው ይታወሳል። አዲስ አዋጅ ሲወጣ የሠራተኛ አንቀጹን ቀድሞ ማንበብ ነው።

እቁብ እና አፎቻ

በሳምንት 10,000 የሚጣልበት የ20 ሰው እቁብ 200,000 ብር ያወጣል። ቀድሞ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የወጣለት አበደረ። በሰላም ጊዜ ይህ እኩል ይታያል፤ በወረርሽኝ ግን ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በመጨረሻዎቹ ላይ ይወድቃል፣ ቀድመው የበሉት መጣል ያቆማሉና። በ2012 ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ዕጣ ማውጣት ራሱ ቆሞ ነበር።

ሳምንታዊውን ከወርኃዊው እናስበልጣለን። በሃያ ሳምንት ውስጥ የዋጋ ንረቱ ብዙ አይበላም፤ በሃያ ወር ግን መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ከጣለው ላይ ጉልህ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ዋስ ሲጠየቅ ሌላ ሙያ ያለው ሰው ይመረጥ፤ ጨርቅ ነጋዴ ለጨርቅ ነጋዴ ዋስ ቢሆን ሁለቱም አብረው ነው የሚወድቁት። ዳኛውና ጸሐፊው ዛሬ ላይ ወረርሽኝ ቢመጣ መጣሉ በሞባይል እንዲቀጥል፣ ዕጣው በሁለት ምስክር ፊት እንዲወጣ አንድ አንቀጽ ጽፈው ያስፈርሙ።

አፎቻ (የሐረርጌው የመረዳጃ ማኅበር) እና እድር የሚረዱት ሰው ሲሞት ነው፤ በሕመም ጊዜ የሚሰጡት ጥቂት ነው። የሕመሙን ወጪ ከእነሱ መጠበቅ አይገባም። ወርኃዊ መዋጮ ግን በችግር ጊዜ መቆረጥ የለበትም፤ ትንሽ ናት፣ ስትቋረጥ ግን በክፉ ቀን ሰው ታሳጣለች።

ባለቤቱ ሲተኛ ማን ይከፍተዋል?

እስካሁን ያለው ሁሉ ገንዘቡ ሰው እጅ መድረሱን ያስባል። ይህ ግን በራሱ የሚሆን አይደለም። አራት መንገድ አለ፤ አራቱም ለየራሳቸው ጊዜ ናቸው።

ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ተረጋግጦ ለሚስት፣ ለባል ወይም ለትልቅ ልጅ ይሰጣል። ለታመመ ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሒሳብ ማንቀሳቀስ፣ ቼክ መፈረም፣ ዱቤ መሰብሰብ፣ ግብር መክፈል እየተባለ በዝርዝር ይጻፍ፤ ባንኮች ባጭሩ የተጻፈ ጠቅላላ ውክልናን ይመልሳሉ። ሰውየው ሲሞት ውክልናውም በዚያው ሰዓት ያበቃል። ከሞት በኋላ በውክልና ብር ያወጣ ሰው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል።

ጥምር ሒሳብ በ«ወይም» ከተከፈተ አንዱ ሲተኛ ሌላው ያወጣል፤ በ«እና» ከተከፈተ ግን ሁለት ፊርማ ስለሚጠይቅ በሕመም ጊዜ ይቆለፋል። ፎርሙ ላይ የተመረጠው የትኛው እንደሆነ ዛሬ ይታይ። አንዱ ሲሞት ደግሞ የእሱ ድርሻ የወራሽነት ማስረጃ እስኪመጣ ሊታገድ ስለሚችል፣ የሁለት ወሩ መጠባበቂያ ግማሹ በባል፣ ግማሹ በሚስት ስም ለየብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ድሬዳዋ በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው የምትተዳደረው፤ ሐረር የራሷ የቤተሰብ ሕግ አላት። በድሬዳዋ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በሆስፒታል ያለ ባል ስም ብቻ ተይዞ ቤት ለመሸጥ የሚሞከረው ለዚህ ነው የሚከሽፈው።

ንግዱን ከቤተሰቡ መለየት የሚፈልግ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ለአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰው የሱቁ ዕዳ ቤቱ ድረስ ይመጣል፤ በማኅበሩ ግን በመዋጮው ይቆማል። ባለቤቱ ለማኅበሩ ብድር በግሉ ዋስ ከሆነ ግን ያው ነው። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታም ይከብዳል፤ ለትንሽ ሱቅ አያስፈልግም፣ ብድርና አስመጪነት ላለው ግን ያስፈልጋል።

ኑዛዜ የመጨረሻው ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በወረርሽኝ ጊዜ አራት ሰው በታመመ ሰው አልጋ ዙሪያ ማቆም አስቸጋሪ ነው። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ግን ምስክር አይሻም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማለት፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። በኮምፒውተር ተጽፎ የተፈረመበት ይህን አያሟላም፤ ልጅ የጻፈለትና አባት የፈረመበትም እንዲሁ። የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓትና ለጥቃቅን ነገር ብቻ ነው፤ ሱቅና ቤት በቃል አይወረስም። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተስማማ ቤተሰብ ደግሞ ኑዛዜው ከሀብቱ ሲሶ እንደማይበልጥና ለወራሽ እንደማይሆን ያውቃል፤ ሲጽፍም በዚያው ልክ ይጻፍ።

ከኑዛዜው ጋር አንድ ዝርዝር ይኑር። የባንኮቹ ስምና የሒሳብ ቁጥር፣ የወርቁ ግራምና ያለበት ቦታ፣ ገንዘብ የሚሰጡና የሚቀበሉ ሰዎች ስምና መጠን፣ በመያዣ የተሰጡ ቼኮች፣ እቁቡና ቀሪው ዙር። የምስጢር ቁጥር በዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍ፤ ሌላ ሰው ገንዘቡን በሕግ የሚያገኘው በውክልናና በወራሽነት ማስረጃ ነው። ዝርዝሩ ሁለት ቅጂ ተደርጎ አንዱ ቤት፣ አንዱ ከቤቱ ውጪ በታመነ ዘመድ እጅ ይቀመጥ፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለይቶ ማቆያ ቢገባ ውጪ ያለ ሰው ያስፈልጋልና። በእጅ የተጻፈው ኑዛዜ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ፈራሽ ነው፤ በኮቪድ ፍርሃት በ2012 ጽፈው መሳቢያ ውስጥ የተዉት ቤተሰቦች ቀኑን ይመልከቱ።